ትዝታችን እንዴት ይቀመጣል? እንዴትስ ይነሣል?

በወላይታ ሶዶና በአካባቢዋ አንዲትን እናት "ልጅዎ መቼ ተወለደ?" ብንላቸው፣ ብዙ ጊዜ ዓመተ ምሕረት አይጠቅሱልንም። "ንጉሡ ከዙፋን ሲወርዱ ጡት ይጠባ ነበር" ይሉናል። ንጉሡ የወረዱት በመስከረም 1967 ዓ.ም. ስለ ሆነ የልጁን ዕድሜ መገመት እንችላለን። አእምሮአችን ቁጥር ቶሎ ይረሳል፤ ድርጊትን ግን ከድርጊት ጋር አያይዞ ያኖራል።

እንዴል ቱልቪንግ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1972 ትዝታን በሁለት ከፍለው አስረድተዋል። አንደኛው ያወቅነው፣ ሁለተኛው በራሳችን የደረሰው ነው። ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. በምኒልክ ጦር መሸነፋቸውን ተምረን እናውቃለን። ባለፈው ጊፋታ ከማን ጋር እንደ በላን ግን ስለ ነበርንበት እናስታውሳለን።

የደረሰብንን ለመመዝገብ በአንጎል ውስጥ ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል እጅግ ያስፈልጋል። ሄንሪ ሞሌይሰን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1953 ከሚጥል በሽታ እንዲያርፍ ብለው ሐኪሞች የዚህን ክፍል ብዙውን እጅ ቆርጠው አወጡለት። ከዚያ በኋላ ስለ ልጅነቱ መናገር ይችል ነበር፤ አዲስ የተዋወቀውን ሰው ግን ጥቂት ቆይቶ ሲያየው አያውቀውም ነበር።

የተቀመጠው ትዝታ የሚነሣው በምልክት ነው። የዳጣ ሽታ ብቻ የጊፋታን ዕለት ከነዘመዶቻችን ፊት ይመልስልናል። ነገር ግን ትዝታ በተነሣ ቁጥር እንደ ገና ይሠራል፤ ከሌላ ሰው የሰማነውም ሳናውቀው ይጨመርበታል። ስለዚህ ሰው በቅን ልብ እየተናገረ ሊሳሳት ይችላል።

ይህን ማወቅ ለእኛ ለወጣቶች ምን ይጠቅመናል? የ1977 ዓ.ም.ን ረሀብ በዓይናቸው ያዩ ወላጆቻችንና አያቶቻችን በየዓመቱ እያነሱ ነው። ስንጠይቃቸው "እንዲህ ነበር አይደል?" ብለን ቃል በአፋቸው አናግባ። "ያን ጊዜ ምን አዩ?" ብለን ዝም ብለን እናድምጥ። የሰማነውን በዚያው ቀን እንጻፍ። ጎረቤታቸውንም ለብቻ እንጠይቅ። ሁለቱ ባይስማሙ ማንንም ውሸታም ሳንል የሁለቱንም ቃል እንጻፍ። እንግዲህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እያንዳንዳችን አንድ አረጋዊ እንጠይቅ።