በአንድ ቁልፍ ስር ብዙ እሴት፦ ሀሽ ማፕን በትክክል መጠቀም



በዚህ እትም የምንማማረው በሀሽ ማፕ ውስጥ በአንድ ቁልፍ ስር ብዙ እሴቶችን ስለማስቀመጥ ነው። ሀሽ ማፕ እያንዳንዱን ቁልፍ ከአንድ እሴት ጋር ያያይዛል፤ ቁልፉን ስንሰጠው እሴቱን ወዲያው ያወጣልናል።

ለእረፍት ወደየአገራቸው የሚሄዱና የትራንስፖርት ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ተማሪዎች በከተማ እንመዝግብ እንበል። ቁልፉ «ቡሬ»፣ እሴቱ «ሐሰን» ይሁን። ቀጥሎ ዘይነብን በዚያው ቁልፍ ብናስገባስ? የጃቫው ፑት ምንም የስህተት መልእክት ሳያሳይ ሐሰንን አውጥቶ ዘይነብን ይተካል። ፕሮግራሙ በደንብ ይሠራል፤ መናኸሪያ ቆሞ የሚቀረው ግን ሐሰን ነው።

ይህን ከሀሽ ግጭት ጋር አናምታታው። ግጭት ማለት «ቡሬ»ና «ፍኖተ ሰላም» የተለያዩ ቁልፎች ሆነው ሳለ አንድ ሳጥን ውስጥ ሲገናኙ ነው፤ ያንን ሀሽ ማፑ ራሱ ይፈታዋል። የአንድ ቁልፍ ብዙ እሴት ግን የእኛ ሥራ ነው።

መፍትሔው እሴቱን ነጠላ ስም ሳይሆን ዝርዝር ማድረግ ነው፦

1. ቁልፉ መኖሩን እናያለን፤
2. ከሌለ ባዶ ዝርዝር እናስቀምጥለታለን፤
3. አዲሱን ስም ዝርዝሩ ላይ እንጨምራለን።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች በፓይተን ዲፎልትዲክት፣ ከጃቫ 8 ጀምሮ ደግሞ ኮምፒዩት ኢፍ አብሰንት ይሠሩልናል። ሐሰን ጉዞውን ቢሰርዝ ከዝርዝሩ እሱን ብቻ እናውጣ፤ ቁልፉን ከሰረዝን የቡሬ ተማሪዎች በሙሉ ይጠፋሉ።

አንድ ሰው ሁለቴ እንዳይመዘገብ በዝርዝር ፋንታ ድግግሞሽ የማይቀበል ስብስብ መጠቀም ይቻላል። ነገር ግን ስም ብቻ ካስገባን ሁለት ሐሰኖች አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ የተማሪ መታወቂያ ቁጥር ይግባ።

ስለ ቁልፉም ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ ለእኛ «ፍኖተ ሰላም»ና «ፍኖተ ሠላም» አንድ ከተማ ናቸው፤ በዩኒኮድ ግን ሰ እና ሠ የተለያየ ቁጥር ስላላቸው ኮምፒውተሩ ሁለት ቁልፍ ያደርጋቸዋል። ከማስገባታችን በፊት ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ እንለውጥ። ሁለተኛ፣ ቡሬ ጎጃም ብቻ አይደለም፤ ኢሉባቦርም አለ፣ በአፋር ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድም አለ። ቁልፉ «ምዕራብ ጎጃም፣ ቡሬ» ቢሆን ይሻላል።

የሚከፋፈለው ገንዘብ አማና ነው፤ ዝርዝሩም እንዲሁ። እስከሚቀጥለው እትም አምስት ስሞችን በሁለት ከተሞች ስር መዝግባችሁ ሞክሩት፤ በመጨረሻም ስሞቹን ቁጠሩ። አምስት ካልሆኑ አንድ ሰው ጠፍቷል ማለት ነው።