ራስን መጠበቅ ማለት ምን ማለት ነው?

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ «ራስህን ጠብቅ» ሲባል ብዙ ሰው ዱላ ይዞ ከሌባ ወይም ከጅብ መጠንቀቅን ያስባል። በጤና ትምህርት ግን ራስን መጠበቅ ማለት በሽታ ሳይይዘን አስቀድመን መንገዱን መዝጋት ማለት ነው።

ለምሳሌ ትራኮማን እንውሰድ። ይህም የዓይን ማዝ የሚባለው፣ በአማራ ክልል ብዙ ሰው ያሳወረ በሽታ ነው። ከታመመ ልጅ የሚወጣው ዓይናርና ንፍጥ በእጅ፣ በነጠላ ጫፍና በዝንብ ወደ ሌላው ሰው ዓይን ይተላለፋል። በሽታው ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ከውስጥ ይጠባሰሳል፤ ሽፋሽፍቱም ወደ ውስጥ ይቀለበስና ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል።

እናቶች ሆይ፣ ይህን ልብ በሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትራኮማ ሴቶች ከወንዶች እስከ 4 እጥፍ ይታወራሉ። ልጅ የምታቅፈው እናት ናትና። የልጇን ዓይን በነጠላዋ ትጠርጋለች፤ በዚያው ነጠላ ደግሞ የራሷን ፊት ታብሳለች። ስለዚህ የልጅን ፊት ማጠብ የራስን ዓይን መጠበቅ ነው።

«ውኃው ከሩቅ ነው የሚቀዳው፤ ከየት አምጥተን?» ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ልጅ ፊት አንድ ስኒ ውኃ ይበቃል። አሮጌ ጀሪካን ከታች በምስማር ብሱና በቀጭን እንጨት ወትፉት፤ ውኃው ጥቂት በጥቂት ይወርዳል። ሳሙና ቢታጣም በውኃ ብቻ ጠዋትና ማታ እጠቡ።

ትራኮማን የሚያዛምተው ዝንብ የሚፈለፈለው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። ስለዚህ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ሕፃናትም ሜዳ ላይ የተጸዳዱትን አንሥታችሁ እዚያው ጣሉ።

ሽፋሽፍቱ የተቀለበሰበት ሰው በወረንጦ ቢነቅለው ተመልሶ ይበቅላል። ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው። በየቀበሌው የትራኮማ መድኃኒት ሲታደል ደግሞ ሕመም ባይሰማችሁም ቤተ ሰቡ ሁሉ ይውሰድ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ትራኮማን ለማጥፋት ኅብረት ያቋቋመው በ4 መንገዶች ነው፤ እነርሱም ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ ንጽሕና ናቸው። ሁለቱን ሐኪም ይሰጠናል። ሁለቱ ግን በእጃችን ናቸው፤ ራስን መጠበቅ የምንለውም ይህንኑ ነው።