ቀለም ብቻውን አይወረስም፦ በዶሮና በእንሽላሊት እርባታ ለመልክ ሲባል የሚደረግ ምርጫና ውጤቱ

አጽሕሮተ ጥናት

እንስሳትን በመልካቸው መርጦ ማራባት ከሚታየው መልክ ጋር የማይታዩ ጠባዮችንም አብሮ ይመርጣል። ይህ መጣጥፍ በወላይታ ገበያዎች ለዶሮ ላባ ቀለምና ለኩክኔ ዓይነት የሚሰጠውን ግምት መነሻ በማድረግ፣ በውጭው ዓለም ለቀለማቸው ሲባል ከሚራቡ እንሽላሊቶች ጋር ያነጻጽረዋል። በመጨረሻም አውራ ዶሮን በዓይን ብቻ መርጦ ለዘር ማስቀረት በጫጩት ቁጥር ላይ ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳት በቀላል ስሌት ያሳያል።

1. መግቢያ

በበዓል ዋዜማ ዶሮ ይዛ ወደ ዲምቱ ገበያ የምትወጣ አርቢ የምታገኘውን ዋጋ የሚወስነው ክብደት ብቻ አይደለም። ገዢው ዶሮውን በእጁ አንሥቶ ከመመዘኑ በፊት በዓይኑ ይመዝነዋል፤ ላባው ቀይ ነው ወይስ ጥቁር፣ በአናቱ ላይ ያለው ሥጋማ ኩክኔ ነጠላ ነው ወይስ ድርብ፣ ብሎ ያያል። ይህ ልማድ በወላይታ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ንጉሤ ዳናና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት በፋርጣ፣ በማንዱራ፣ በሆሮ፣ በኮንሶና በሸካ የሚገኙ አርቢዎችን ጠይቀዋል። በጥናቱ መሠረት ዋጋን በዋነኛነት የሚወስነው ክብደት ነው። ሆኖም አርቢዎቹ እንዲሻሻሉላቸው ከሚሹት ጠባዮች መካከል ከዕድገትና ከእንቁላል ብዛት ቀጥሎ የላባ ቀለም፣ ለአውራ ዶሮ ደግሞ የኩክኔ ዓይነት ይገኛሉ።

የሀገራችን ዶሮዎች ስያሜም ዓይን ምን ያህል ሚዛን እንደሆነ ይመሰክራል። ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ገብስማ፣ ወሰራ፣ ዛጎልማ የሚሉት ስሞች ሁሉ የመልክ ስሞች ናቸው። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ፣ ሰው መልክን ሲመርጥ የሚመርጠው መልክን ብቻ ነውን? የሚል ነው።

2. ለምን ከእንሽላሊት ጋር?

እንሽላሊትን ለመልኩ ማርባት በሀገራችን የተለመደ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ ግን ነብርማ ጌኮ የተባለው፣ የትውልድ ስፍራው አፍጋኒስታን፣ ፓኪስታንና አካባቢያቸው የሆነ እንሽላሊት፣ በቤት ውስጥ ተይዞ ለልዩ ልዩ ቀለማቱ ይራባል። ጌኮ ለሥጋም ለእንቁላልም አይፈለግም፤ አርቢው የሚመርጠው ቀለሙን ብቻ ነው። ስለዚህ በዶሮ ላይ ከክብደትና ከእንቁላል ጋር ተደባልቆ የሚታየውን የመልክ ምርጫ፣ ጌኮው ለብቻው ነጥሎ ያሳየናል።

የሁለቱ እንስሳት ቀለም አሠራር የተለያየ ነው። የዶሮ ላባ ጥቁረትና ቅላት በዋናነት የሚመነጨው ሜላኒን ከተባለው ንጥረ ነገር ሁለት ዓይነቶች ነው፤ አንዱ ጥቁርና ቡናማ፣ ሌላው ቀይና ቢጫ ቀለም ይሰጣል። የእንሽላሊት ቆዳ ግን ሦስት ዓይነት ቀለም ሰጪ ሕዋሳት አሉት፦ ጥቁሩን የሚሰጡ ሜላኖፎሮች፣ ቢጫና ቀዩን የሚሰጡ ዛንቶፎሮች፣ እንዲሁም ብርሃንን በማንጸባረቅ ነጭና ፈዛዛ መልክ የሚያወጡ ኢሪዶፎሮች ናቸው። አሠራሩ ቢለያይም የውርስ ሕጉ አንድ ነው።

3. አንድ መልክ፣ የተለያየ ውርስ

የመጀመሪያው ትምህርት ዓይን ውርስን አጥርቶ ማንበብ እንደማይችል ነው። በነብርማ ጌኮ አርቢዎች ዘንድ ጥቁር ቀለም የጎደላቸው ሦስት የታወቁ የአልቢኖ ዘሮች አሉ፤ ትሬምፐር፣ ቤልና ሬይንዎተር ይባላሉ። ሦስቱም ለተመልካች ተቀራራቢ ናቸው። ሆኖም የአንዱን ዘር አልቢኖ ከሌላው ዘር አልቢኖ ጋር ቢያዳቅሏቸው ልጆቹ አልቢኖ ሳይሆኑ የተለመደውን ቀለም ይዘው ይወለዳሉ፤ የአንዱ ወገን ጉድለት በሌላው ወገን ጤናማ ቅጂ ይሸፈናልና።

በዶሮም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። እንደ ሌግሆርን ባሉ ዝርያዎች የሚገኘው ነጭነት ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ጎልቶ ይወጣል። ሌላው ዓይነት ነጭነት ግን ከሁለቱም ወላጆች ካልተወረሰ አይታይም። ሁለት ነጭ ዶሮዎች ጎን ለጎን ቢቆሙ የትኛው የየትኛው ዓይነት እንደሆነ የሚታወቀው ከመልካቸው ሳይሆን ከጫጩቶቻቸው ነው።

4. ቀለምና በሽታ በአንድ ጂን

ሁለተኛው ትምህርት ይበልጥ የከበደ ነው። ሌመን ፍሮስት የተባለው የጌኮ ዓይነት ነጣ ባለ ቢጫ ቀለሙና በሚያንጸባርቅ ነጭነቱ በአርቢዎች ዘንድ እጅግ ተፈልጎ ነበር። ቆይቶ ግን ይህን መልክ የያዙ እንስሳት በቆዳቸው ላይ ዕጢ እንደሚያበቅሉ ታየ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የተመራ የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተመው ጥናት ቀለሙን ስፒንት1 ከተባለ ጂን አካባቢ ጋር አያይዞታል። ይህ ጂን በጤናማ ሁኔታው የዕጢ እድገትን ከሚገቱት ጂኖች የሚመደብ ነው። የሌመን ፍሮስትን ውርስ ከያዙት እንስሳት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዕጢ ያወጣሉ፤ ዕጢው የሚነሣውም ነጩን ቀለም ከሚሰጡት ከኢሪዶፎሮች ነው።

እዚህ ላይ ውበቱና በሽታው በአጋጣሚ የተገናኙ ሁለት ነገሮች አይደሉም። ነጭነቱ የኢሪዶፎሮች መብዛት ነው፤ ዕጢውም የእነዚያው ሕዋሳት ከልክ ያለፈ መብዛት ነው። ስለዚህ አርቢው የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ቀለሙን አስቀርቶ በሽታውን ብቻ ማስወገድ ይቸገራል።

5. ድርብ ኩክኔ ምን ይዞ ይመጣል?

ወደ ዶሮአችን ስንመለስ ለዚህ የቀረበው ምሳሌ ከቀለም ይልቅ ኩክኔ ነው። የዶሮ ኩክኔ በውርስ ጥናት ታሪክ የከበረ ስፍራ አለው፤ ዊልያም ቤትሰን እ.ኤ.አ. በ1902 የሜንዴል ሕግ በእንስሳትም እንደሚሠራ ያሳየው በኩክኔ ዓይነቶች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ደግሞ በሀገራችን ድርብ ከሚባሉት የኩክኔ ዓይነቶች አንዱ የሆነው፣ ሳይንሱ ጽጌረዳማ የሚለው፣ ከምን እንደሚመነጭ ገለጸ። በ7ኛው ክሮሞዞም ላይ 7.4 ሚሊዮን ያህል የዲኤንኤ ፊደላትን የያዘ ክፍል ተገልብጦ ተቀምጧል። በዚህ መገልበጥ ምክንያት የኩክኔውን ቅርጽ የሚለውጥ ጂን ያለስፍራው ይሠራል። በተገለበጠው ክፍል ሌላኛው ጫፍ ያለ ጂንም ይቆረጣል፤ የዚህ ጂን መቆረጥ ከወንድ ዘር ሕዋስ የመንቀሳቀስ አቅም መዳከም ጋር ተያይዟል። ጉዳቱ የሚታየው ውርሱን ከአባትም ከእናትም በወሰዱ፣ ማለትም ሁለት ቅጂ በያዙ አውራ ዶሮዎች ላይ ነው። አንድ ቅጂ ብቻ የያዘው ኩክኔው ድርብ ሆኖ በመራባት ረገድ ጤናማ ነው። ገዢም አርቢም ሁለቱን በዓይን መለየት አይችሉም።

አንዲት አርቢ ነጠላ ኩክኔ ያላቸውን ሁሉ እየሸጠች ድርቦቹን ብቻ ለዘር ብታስቀር ምን ይሆናል? ወላጆቹ ሁሉ አንድ አንድ ቅጂ የያዙ ናቸው እንበል። ከሚፈለፈሉት አራት ጫጩቶች በአማካይ አንዱ ሁለት ቅጂ፣ ሁለቱ አንድ ቅጂ፣ አንዱ ምንም ቅጂ ይይዛል። ነጠላው ሲወገድ ከቀሩት ድርቦች ሁለት ቅጂ የያዙት 1/3 ናቸው። ሁሉም እኩል እየተራቡ ምርጫው ከቀጠለ በሁለተኛው ትውልድ 1/2፣ በሦስተኛው 3/5 ይደርሳሉ። በእርግጥ ሁለት ቅጂ የያዙት አውራዎች በመራባት ደካማ ስለሆኑ ጭማሪው ከዚህ የዘገየ ይሆናል፤ የሚዘገየው ግን ዶሮዋ ታቅፋቸው ሳይፈለፈሉ በሚቀሩ እንቁላሎች ዋጋ ነው።

በአንጻሩ የገበያው ምርጫ ራሱ አደጋውን በከፊል ይቀንሰዋል። የተወደደው ቀይ ድርብ ቶሎ ተሸጦ ስለሚታረድ ለዘር የሚቀረው ብዙ ጊዜ ሌላው ነው። በመንደር ውስጥ የጎረቤት ነጠላ አውራም ከዶሮዎቹ ጋር ይደባለቃል። አደጋው የሚጎላው አርቢዋ ዶሮዎቿን አጥራ ስትይዝና ብቸኛውን አውራ በገዢ ዓይን ስትመርጥ ነው።

6. ለዓይን የማይማርከው ጥቅም

መልክ ሁልጊዜ ጉዳት ይዞ አይመጣም። አንገቱ ላባ የሌለው መላጣ ዶሮ ለብዙ ሰው አያምርም፤ ሆኖም ላባው ስለሚያንስ የሰውነቱን ሙቀት በቀላሉ ያስወጣል፣ በቆላማ ስፍራም ይህ ጥቅም አለው። ነጭ ዶሮ ደግሞ ከሩቅ ስለሚታይ ተለቆ በሚውልበት ደጅ ለጭልፊት ይጋለጣል። ስለዚህ መላጣውን በመልኩ ብቻ መጣል በቆላ ለምትኖር አርቢ ኪሳራ ሊሆን ይችላል፤ ነጩን መተው ግን ከመልክ ያለፈ ምክንያት አለው።

7. መደምደሚያና ምክረ ሐሳብ

ከላይ የቀረቡት ምሳሌዎች የሚያሳዩት መልክ የሚሸጥበት መስፈርትና ዘር የሚመረጥበት መስፈርት መለየት እንዳለባቸው ነው። ገዢው የወደደውን ቀይ ድርብ በጥሩ ዋጋ መሸጥ ተገቢ ነው። ለዘር የሚቀረው አውራ ግን በእናቱ የእንቁላል ብዛት፣ በራሱ ዕድገትና ከእርሱ በተገኙ እንቁላሎች የመፈልፈል መጠን ይመረጥ። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የሆሮ ዶሮን ለማሻሻል የተጀመረው ሥራም ያተኮረው በእንቁላልና በክብደት ላይ ነው።

በመንደር ደረጃ ሦስት ቀላል ተግባራት ይመከራሉ። አንደኛ፣ ዶሮዎቿን አጥራ የምትይዝ አርቢ ከድርቡ ጎን ነጠላ ኩክኔ ያለው አውራም ታስቀር። ሁለተኛ፣ ዶሮ በታቀፈች ቁጥር ስንት እንቁላል ገብቶ ስንት ጫጩት እንደወጣ ይመዝገብ። ሦስተኛ፣ የጫጩቱ ቁጥር በተደጋጋሚ ካነሰ፣ ዶሮዋን ከመውቀስ በፊት አውራው ይቀየር። የልማት ሠራተኞች ይህን መዝገብ ከአውራዎቹ የኩክኔ ዓይነት ጋር አያይዘው ቢይዙት ለቀጣይ ምርምር ጠቃሚ መነሻ ይሆናል።