የማሟያ ምርጫ የመጪውን አገር አቀፍ ምርጫ ውጤት ይናገራልን?

አገሮች ጠቅላላ ምርጫቸውን የሚያካሂዱት በተወሰነ የዓመታት ልዩነት ነው። በዚህ መካከል ግን አንዳንድ የምክር ቤት መቀመጫዎች በሞት፣ ከኃላፊነት በመልቀቅ ወይም በሌላ ምክንያት ባዶ ይሆናሉ። እነዚህን መቀመጫዎች ለመሙላት የሚደረገው ምርጫ በአገራችን ሕግ የማሟያ ምርጫ ይባላል። የማሟያ ምርጫ ውጤት በተገለጸ ማግስት አሸናፊው ወገን «ሕዝቡ ፍርዱን ሰጥቷል፤ መጪውም ምርጫ የእኛ ነው» ሲል፣ ተሸናፊው ደግሞ «ይህ የአንድ ቀበሌ ጉዳይ ነው» ሲል መስማት የተለመደ ነው። ከሁለቱ የትኛው ወደ እውነት ይቀርባል?

ጥያቄው የፖለቲካ ብቻ ይመስላል። በመሠረቱ ግን የልኬት ጥያቄ ነው። አንድ መሣሪያ አንድን ነገር ይለካል ስንል፣ የሚለካው በትክክል ምንን እንደሆነና ስሕተቱ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ይኖርብናል። በዚህ ጽሑፍ በቤተ ሙከራ የምንማራቸውን ጥቂት መሠረታዊ አሳቦች ይዘን ይህንኑ ጥያቄ እንመረምራለን።

ከራቤል እስከ ጀማ ሸለቆ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ በምትገኘው በግሼዋ ራቤል አንድ ቴርሞሜትር ተክለናል እንበል። የአየር ሙቀት በ1000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የራቤሉ ቴርሞሜትር 10 ዲግሪ ቢያሳይ፣ መርሐቤቴን በሚያዋስነው በጀማ ወንዝ ሸለቆም ሙቀቱ 10 ዲግሪ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ደጋው ደጋ፣ ቆላውም ቆላ ነውና።

ነገር ግን የራቤሉ ቴርሞሜትር ትናንት በዚሁ ሰዓት ካሳየው ዛሬ 4 ዲግሪ ዝቅ ቢልስ? ቀዝቃዛ አየር በአካባቢው ሁሉ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል በሸለቆውም መጠነኛ መቀዝቀዝ እንጠብቃለን። የአንድ ቦታ ንባብ ስለ ሌላው ቦታ እምብዛም አይነግረንም፤ የአንድ ቦታ ለውጥ ግን ሊነግረን ይችላል።

በምርጫም እንዲሁ ነው። ፓርቲ «ሀ» በአንድ የምርጫ ክልል ባለፈው ጠቅላላ ምርጫ 60 በመቶ፣ ፓርቲ «ለ» 40 በመቶ ድምፅ አግኝተው ነበር እንበል። በማሟያ ምርጫው «ሀ» 52፣ «ለ» 48 በመቶ ቢያገኙ፣ ዜናው «ፓርቲ ሀ መቀመጫውን አስጠበቀ» የሚል ይሆናል። ተመራማሪው ግን የሚያየው ሌላ ነው፤ ፓርቲ «ሀ» 8 መቶኛ ነጥብ አጥቷል። ፓርቲው ባለፈው ምርጫ በአገር አቀፍ ደረጃ ያገኘው 54 በመቶ ቢሆንና ይኸው ሽግሽግ በየቦታው ቢደገም፣ ድርሻው ወደ 46 በመቶ ይወርዳል፤ ሥልጣኑንም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት፣ ከማሟያ ምርጫ የሚፈለገው መረጃ ያሸነፈው ሰው ማንነት ሳይሆን የድምፅ ሽግሽጉ መጠን ነው የሚል ነው።

ሁለት ዓይነት ስሕተት

አንድ የምርጫ ክልል የራሱ ጠባይ አለው። የእጩው ዝና፣ የአካባቢው መንገድ ወይም ውኃ ጉዳይ፣ የዕለቱ ዝናብ ሳይቀር ውጤቱን ይነካል። ለምሳሌ ያህል የየክልሉ ሽግሽግ ከአገር አቀፉ ሽግሽግ በ8 መቶኛ ነጥብ ያህል ወዲያና ወዲህ ይበተናል እንበል። የ4 ማሟያ ምርጫዎችን አማካይ ብንወስድ ስሕተቱ 8 ለ4 ስኩዌር ሩት ተካፍሎ 4 ነጥብ ይሆናል። የ16ቱን ብንወስድ ወደ 2 ነጥብ ይወርዳል። ይህ የአጋጣሚ ስሕተት ነው፤ ልኬት በተደጋገመ ቁጥር ይቀንሳል።

ሁለተኛው የስሕተት ዓይነት ግን በመደጋገም አይቀንስም። ዜሮው የተዛባ ሚዛን መቶ ጊዜ ብንመዝንበት መቶ ጊዜ ያንኑ ያህል ያዛባል። በማሟያ ምርጫ የዚህ ስሕተት ዋና ምንጭ፣ ድምፅ የሚሰጠው ሕዝብ በጠቅላላ ምርጫው ከሚወጣው ሕዝብ የተለየ መሆኑ ነው። በብዙ አገሮች በማሟያ ምርጫ የሚሳተፈው መራጭ ቁጥር ያንሳል። የሚወጡትም ፖለቲካን በቅርብ የሚከታተሉና በመንግሥት ላይ ቅሬታቸውን ለማሰማት የተነሣሡ ሰዎች ይሆናሉ። መንግሥት በዚህ ምርጫ ስለማይለወጥ፣ ቅሬታን መግለጽ ብዙ ዋጋ አያስከፍልም።

የውጭ አገር ልምድ

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 1992 ባለው የፓርላማ ዘመን ገዥው የወግ አጥባቂ ፓርቲ በማሟያ ምርጫዎች 7 መቀመጫዎችን አጣ። ብዙዎችም ውድቀቱን ተነበዩ። ፓርቲው ግን እ.ኤ.አ. በ1992 ጠቅላላ ምርጫውን አሸነፈ፤ ሰባቱንም መቀመጫዎች አስመለሰ። በቀጣዩ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1993፣ ክራይስትቸርች በተባለው የምርጫ ክልል ከ35 መቶኛ ነጥብ በላይ የሆነ ሽግሽግ ደርሶበት መቀመጫውን ለሊበራል ዴሞክራቶች አስረከበ። እ.ኤ.አ. በ1997 ፓርቲው በአገር አቀፍ ደረጃ ክፉኛ ተሸንፎ ከሥልጣን ሲወርድ ክራይስትቸርችን ግን መልሶ ያዘ። ምልክቱ ለአገሪቱ ሠራ፤ ለራሱ ለምርጫ ክልሉ አልሠራም።

በአሜሪካም ተመሳሳይ መልክ ይታያል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 በፔንሲልቫኒያ አንድ የምርጫ ክልል፣ ዶናልድ ትራምፕ ከሁለት ዓመት በፊት በ20 መቶኛ ነጥብ ገደማ ባሸነፉበት ቦታ፣ የዴሞክራቶች እጩ ከ1000 ባነሰ ድምፅ ልዩነት አሸነፈ። በዚያው ዓመት ኅዳር ዴሞክራቶች በተወካዮች ምክር ቤት አብላጫውን መቀመጫ ያዙ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ደግሞ በኒው ዮርክ በተደረገ የማሟያ ምርጫ ዴሞክራቶች አንድ መቀመጫ ከሪፐብሊካኖች ነጠቁ። በኅዳር ግን ፕሬዚዳንታዊውን ምርጫ ያሸነፉት ትራምፕ ናቸው። በመጀመሪያው ጊዜ ሁለቱም ምርጫዎች የፕሬዚዳንትነት ውድድር የሌለባቸው ነበሩ። በሁለተኛው ጊዜ ግን በማሟያ ምርጫ የማይወጣው መራጭ በኅዳር በብዛት ወጣ። ሚዛኑ ላይ የወጣው ሌላ ሕዝብ ነበር።

የአገራችን ጉዳይ

በአገራችን ከጠቅላላ ምርጫዎች መካከል ባሉት ዓመታት የሚካሄዱት የማሟያ ምርጫዎች ብቻ አይደሉም፤ የአካባቢና የድጋሚ ምርጫዎችም አሉ። ስለዚህ ሦስቱንም አብረን እንመልከት።

በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በተካሄዱት የአካባቢ ምርጫዎች የኢሕአዴግ የበላይነት ከፍተኛ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተካሄደው ጠቅላላ ምርጫ ግን ነገሩ ተለወጠ። በይፋ በተገለጸው ውጤት ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 መቀመጫዎች አገኙ። የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች ሁሉ ያሸነፈው ቅንጅት ሲሆን፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎችም 137ቱን ወስዷል። የቀደመው ምርጫ ይህን አልጠቆመም ነበር።

በዚሁ ዓመት ነሐሴ 15 ቀን በ31 የምርጫ ክልሎች ድጋሚ ምርጫ ተደረገ። ከእነዚህ አንዱ በሰሜን ወሎ የሚገኘው ቡግና ነው። በግንቦቱ ቆጠራ የኢሕአዴጉ አቶ በረከት ስምዖን ተሸንፈውበት የነበረውን ይህን ክልል በነሐሴ አሸነፉበት። በሁለቱ ምርጫዎች መካከል ያለው ጊዜ 98 ቀን ብቻ ነው። አንድ ቦታ በ98 ቀን ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ንባብ ሲሰጥ፣ የፊዚክስ ተማሪ የመጀመሪያ ጥያቄው «የልኬቱ ሁኔታ አንድ ዓይነት ነበርን?» የሚል መሆን አለበት። በመካከሉ የሰኔ 1997 ዓ.ም. ግጭትና የሰው ሕይወት መጥፋት ነበረ።

ከዚያም የቅንጅት አብዛኞቹ ተመራጮች የአዲስ አበባን ምክር ቤት ሳይረከቡ ቀሩ፤ መሪዎቹም ታሰሩ። በ1999 ዓ.ም. ማብቂያ በይቅርታ ሲፈቱ ፓርቲው ተከፋፍሎ ነበር። ከተማዋም በባለአደራ አስተዳደር ትመራ ነበር። ሚያዝያ 5 እና 12 ቀን 2000 ዓ.ም. የአካባቢና የማሟያ ምርጫ ሲካሄድ ኅብረት ከውድድሩ ወጣ። ኢሕአዴግና አጋሮቹም ከሞላ ጎደል ሁሉንም መቀመጫዎች አሸነፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ከ547ቱ የፓርላማ መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 499፣ አጋሮቹ 46፣ መድረክ 1፣ የግል ተወዳዳሪ 1 አገኙ። እንዲሁም በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች ያልተሳተፉበት የአካባቢ ምርጫ ተካሄደ፤ በ2007 ዓ.ም. ጠቅላላ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫዎች ያዙ።

እንግዲህ ከሦስት የአካባቢ ምርጫዎች ሁለቱ የቀጣዩን ውጤት አቅጣጫ ጠቁመዋል፤ አንዱ አልጠቆመም። ይህ ማስረጃ ጠንካራ ነውን? ሳንቲም ሦስት ጊዜ እየወረወርን ብንተነብይ እንኳ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ጊዜ የመገጣጠም ዕድላችን ከ8 አጋጣሚዎች 4፣ ማለትም 50 በመቶ ነው። በሦስት ልኬት ሕግ አይጻፍም።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስተምረን ምክንያቱ ነው። የ2000ው ምርጫ የ2002ን ውጤት የጠቆመው የመራጩን አሳብ በትክክል ስለለካ ነው ማለት አይቻልም፤ ዋነኞቹ ተፎካካሪዎች በሌሉበት ምርጫ አሳብ አይለካም። የለካው የውድድሩን ሁኔታ ነው። ያ ሁኔታ እስከ 2002 ስለቀጠለ ውጤቱም ቀጠለ። ከ1993 እስከ 1997 ባለው ጊዜ ግን ሁኔታው ተለወጠ። ፓርቲዎች ተቀናጁ፤ ክርክራቸው በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተላለፈ፤ መራጩም በገፍ ወጣ። ሁኔታው ሲለወጥ የቀደመው ንባብ ዋጋ አጣ።

ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። ሰኔ 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በአፋር፣ በሶማሌ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች በተወሰኑ ቦታዎች ቀሪና ድጋሚ ምርጫ ተካሂዷል። እንዲህ ያሉ ቦታዎች በዕጣ የተመረጡ ናሙናዎች አይደሉም። ምርጫው ሳይደረግ የቀረው ወይም የተሰረዘው በጸጥታ ችግር ወይም በሂደቱ ጉድለት ነውና፣ ከሌላው አገር የሚለዩት ገና ከመነሻው ነው። የእነርሱን ውጤት ለራቤል መራጭ ማውረስ፣ የሸለቆውን ቴርሞሜትር አንብቦ ስለ ደጋው ውርጭ እንደመናገር ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን?

የማሟያ ምርጫ መጪውን ውጤት ሊጠቁም የሚችለው ብዙ ሆኖ ሲታይ፣ ከመቀመጫ ይልቅ ሽግሽጉ ሲለካ፣ በሁለቱም ምርጫዎች የሚወጣው መራጭ ሲቀራረብና የውድድሩ ሁኔታ ሳይለወጥ ሲቆይ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ትንበያው ይደክማል፤ የመጨረሻው ሲጎድል ፈጽሞ ይፈርሳል።

ይህን ማወቅ ለዜጋ ይጠቅማል። «ውጤቱ አስቀድሞ ታውቋል» የሚል ወሬ መራጩን ከቤቱ ሊያስቀር ይችላል፤ መራጩ ሲቀርም ወሬው ራሱን እውነት ያደርጋል። ቴርሞሜትር ማንበብ አየሩን አይለውጠውም፤ የምርጫ ትንበያ ግን የተተነበየለትን ሕዝብ ሊለውጠው ይችላል። ስለዚህ ተማሪዎች ወደፊት የማሟያ ምርጫ ውጤት ሲሰሙ ከአሸናፊው ስም አስቀድመው እነዚህን ይጠይቁ፤ ስንት ሰው መረጠ? ባለፈው ምርጫ የእያንዳንዱ ፓርቲ ድርሻ ስንት ነበር? እነማንስ ሳይወዳደሩ ቀሩ? የሦስቱ መልስ ካልተገኘ የተገኘው ዜና እንጂ ልኬት አይደለም።