ወረቀቷ የት ናት?

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋን ጎርፍ የመታት በሌሊት ነበር፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ጎርፍ ሲመጣ መብራት ይጠፋል፣ ስልክም ይዘጋል። ወረቀት ግን በኩራዝም ይነበባል።

ጎርፍ ካለፈ በኋላ ምንጩና ጉድጓዱ ይበከላል፤ ተቅማጥ ይከተላል። ከጤና ኬላ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እስኪገኝ ድረስ የሚረዳው ይህ ነው። ገልብጡት፦

ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፦ 1 ሊትር
ስኳር፦ 6 የሻይ ማንኪያ
ጨው፦ ግማሽ የሻይ ማንኪያ

ማንኪያው ልሙጥ ይሁን፣ አይቆለል። ጥቂት በጥቂት ደጋግማችሁ አጠጡ። ያደረውን ድፉ። በድንጋጤ የስኳሩና የጨው ቁጥር ቢለዋወጥብን ሕፃኑን እንጎዳለን። ወረቀቷ የምታስፈልገው ለዚህ ነው።

አቀማመጧስ? በትልልቅ ፊደል ጻፏት። የምትሸሹበትን ጉብታና የጤና ኬላውን ስልክ ጨምሩባት። በላስቲክ ጠቅልላችሁ አይጥና ምስጥ ከማይደርስበት፣ ጎርፍ ከማይነካው ከፍታ ላይ ስቀሏት። በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ አውርዳችሁ አንብቧት፤ የደበዘዘውን አድምቁ።

ጥያቄ፦
1. ለ1 ሊትር ውሃ ጨው ስንት ነው?
2. ወረቀቷ የት እንዳለች ልጆቻችሁ ያውቃሉ?