የቦሌ አየርና የመጽሐፉ መቶ ዲግሪ

ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል ቢባል ከመካከላችን «በመቶ» የማይል ማን ነው? እኔም አንደኛ ዓመት ሳለሁ በቤተ ሙከራ ውኃ አፍልቼ ብለካ ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆመብኝ። የተበላሸ መስሎኝ በደብተሬ 100 ብዬ ጻፍሁ፤ ሙሉ ነጥብም ተሰጠኝ። ቴርሞሜትሩ ግን ደኅና ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አየር ክብደት አለው። ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1640ዎቹ እንዳሳየው በባሕር ጠለል ላይ ያለው አየር ቁመቱ 760 ሚሊ ሜትር የሆነ ሜርኩሪ በቱቦ ውስጥ ደግፎ ይይዛል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ከቦሌ እስከ ለሚ ኩራ፣ እስከ ሰሚትና አያት ድረስ የሚኖር ሰው የሚሸከመው አየር የጅቡቲ ሰው ከሚሸከመው በሩብ ያህል ይቀላል፤ ሜርኩሪውም ወደ 575 ገደማ ይወርዳል።

ውኃ የሚፈላው ደግሞ የእንፋሎቱ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። አየሩ ከቀለለ ቶሎ ይተካከላል። መጽሐፉ አልዋሸም፤ የተናገረው ስለ ባሕር ጠረፍ ነው። በአገራችንም ከባሕር ጠለል በታች በሚገኘው በደናክል ረባዳ ውኃ ከመቶ ጥቂት አልፎ ይፈላል።

ዕዳውን አስቀድሞ የሚከፍለው ማድ ቤት ነው። ንፍሮን የሚያበስለው ሙቀቱ እንጂ መንተክተኩ አይደለም። ውኃው አንዴ ከፈላ በኋላ ከሰል ቢጨመርበት ቶሎ ይተናል እንጂ ከ92 ብዙ አያልፍም። ቤት ተከራይታችሁ በጋራ የምታበስሉ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሽምብራውን ማታ ዘፍዝፉ፤ ሲፈላም እሳቱን ቀንሳችሁ ድስቱን ክደኑ። እንፋሎት አፍኖ የሚያበስለው ድስት ያላችሁማ ታድላችኋል፤ በውስጡ ግፊቱ ስለሚጨምር ሙቀቱ ከ110 ዲግሪ በላይ ይደርሳል።

አውሮፕላንም ከዚህ ዕዳ አያመልጥም። በሳሳ አየር ክንፉ የሚያነሣው ያንሳል፣ የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ብዙ መንደርደር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጄት ሲመጣ የልደታው ሜዳ አልበቃ ብሎ ወደ ቦሌ የተዛወረው በዚህ ነው። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራም ነዳጁን ሞልቶ ከዚህ መነሣት ስለሚቸግረው ለዓመታት ዱብሊን እያረፈ ይቀዳ ነበር፤ ሲመለስ ግን ሳያርፍ ይመጣ ነበር። የነፋሱ አቅጣጫም ድርሻ እንዳለው አልክድም።

የሚጠራጠር ቢኖር አያት ላይ ባዶ ሃይላንድ አጥብቆ ይክደንና በአውቶቡስ ወደ አዋሽ ይውረድ። የቆላው ሙቀት ሊነፋው ቢሞክርም፣ ማንም ሳይነካው ጎኑ ተጨማድዶ ያገኘዋል።