ነጎድጓድ ሲሰማ መሪውን ለያዘ ሰው

የሚነበብ ክፍል፦ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27

ይህ ጥናት የተዘጋጀው በትንሽ ጀልባ ሐይቅ ለሚያቋርጡ የፕሮጀክት ሠራተኞችና እነርሱን በጸሎትና በገንዘብ ለሚልኩ ምእመናን ነው። አስቀድማችሁ ምዕራፉን በአንድነት አንብቡት። ረጅም ነው፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ዝለቁ።

ታሪኩ በወደብ ይጀምራል። ለጉዞ የሚመቸው ወራት አልፎ ነበር። እስረኛው ጳውሎስ መንገዱ ጥፋት እንደሚያመጣ አስጠነቀቀ፤ የመቶ አለቃው ግን የመርከቡን መሪና ባለቤቱን መስማት መረጠ። ያሉበት ወደብ ለክረምት አልተመቻቸውም፤ አብዛኞቹም ጉዞውን ደገፉ። ከዚያም ከደቡብ ለስለስ ያለ ነፋስ በመጣ ጊዜ ሐሳባቸው የሠመረ መሰላቸው (ቁ. 9-13)። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ማዕበሉ ገና አልተነሣም።

ይህን ክፍል ሳነብ ራሴን የማገኘው በጳውሎስ ቦታ አይደለም፤ በመቶ አለቃው ቦታ ነው። በአንድ የሚያዝያ ቀን በዝዋይ ሐይቅ ዘርና መድኃኒት ይዘን ወደ ደሴት ልንሻገር ነበር። የጭነት መኪናው ስለ ዘገየብን ከቀኑ 8 ሰዓት አለፈ። ጀልባ ነጂያችን በዕድሜ የገፉ፣ ሐይቁን ከልጅነታቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ከአርሲ ተራሮች በላይ የቆመውን ደመና አይተው «ዛሬ ይደር» አሉ። እኔም «ጋሼ፣ ሰዎቹ ተሰብስበው እየጠበቁን ነው፤ ከቸኮልን ዝናቡን እንቀድመዋለን፤ ደግሞም ጸልየናል» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ሞተሩን አስነሡ። ያን ጊዜ ያላሰብሁት ነገር ነበር። ነጂው የቀን ሠራተኛ ናቸው፤ ካልተሻገሩ አይከፈላቸውም፤ በክፍያው ወረቀት ላይ የምፈርመውም እኔው ነኝ።

መንገዱን ሳናጋምስ መብረቅ ከጀልባው አጠገብ ውሃውን መታ። የሞተሩን እጀታ የያዙት ነጂ በጀልባው ወለል ላይ ተዘረሩ። ሞተሩም ያለ መሪ ቀረና ጀልባው ጎኑን ለማዕበል ሰጥቶ ይዞር ጀመር። ከተሳፈርነው ስድስት ሰዎች ሞተር ማጥፋት የሚያውቅ አልነበረም! በመጨረሻ አንድ ወጣት የነዳጁን ቱቦ ነቀለው። ነጂው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነቁ፤ ክንዳቸው ግን እስከ ማግሥቱ ደንዝዞ ነበር። ወደ ውሃው ወድቀው ቢሆን ኖሮ ምን እንደምናደርግ አላውቅም። የመንሳፈፊያ ጃኬቶቹ «እንዳይቆሽሹ» ተብለው በመጋዘን ተቆልፎባቸዋል።

መብረቅ በሐይቅ ላይ የሚያስፈራው ስለ ምንድር ነው? በተንጣለለ ውሃ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ጀልባው ነው፤ በጀልባው ላይ ደግሞ ቀና ብሎ የተቀመጠው ሰው። መብረቁ ውሃውን ቢመታም ኃይሉ በውሃው ገጽ ላይ ስለሚሰራጭ በአጠገቡ ያለውን ይጎዳል። ርቀቱን ለመገመት ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ ያለውን ሴኮንድ ቁጠሩ፤ 3 ሴኮንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ በዛ ብላችሁ አትጽናኑ። መብረቅ ዝናቡ ካለበት ስፍራ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሊወርድ ይችላል፤ ነጎድጓድም ብዙውን ጊዜ ከ15 ኪሎ ሜትር አልፎ አይሰማም። እንግዲህ ድምፁን የሰማ ሰው ቀድሞውኑ አደጋው በሚደርስበት ክልል ውስጥ ነው ማለት ነው። በተጨማሪም የሞተር ጩኸት ነጎድጓድን ይሸፍናል። ደመና ባለበት ቀን ነጂው በየጥቂት ደቂቃው ሞተሩን ዝቅ አድርጎ ያዳምጥ።

ዋናው ጥበቃ አለመሄድ ነው። በዝናብ ወራት ነጎድጓድ የሚበዛው ከቀትር በኋላ ስለ ሆነ በማለዳ ተነሥቶ ከቀትር በፊት መሻገር ይገባል። ነጎድጓድ ከተሰማ ጉዞው ይቆያል፤ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ሙሉ ይጠበቃል። የምትጠብቁት ግን በብቸኛ ግራር ሥር ወይም በሣር ጎጆ አይሁን። በመኪና ውስጥ መስኮት ዘግቶ መቀመጥ ከሁለቱም ይሻላል።

በመካከል ከያዛችሁ ግን ወደ ቅርቡ ዳርቻ ዙሩ፤ ያሰባችሁበት ስፍራ ባይሆንም። የቆመ የብረት ዘንግ፣ የባንዲራ እንጨት፣ የሬዲዮ አንቴና ይውረድ። መረብና መንጠቆ ከእጅ ይለቀቅ። ተሳፋሪዎች ጃኬት ለብሰው በጀልባው መካከል ዝቅ ብለው ይቀመጡ፤ ብረት አይደገፉ፤ እጃቸውን ወደ ውሃ አይስደዱ፤ ማንም ለመዋኘት አይውረድ። በብረት ቋሚዎች ላይ የተወጠረ ሸራ ከፀሐይ እንጂ ከመብረቅ አያድንም።

የነጂው ነገር ከሁሉ ይከብዳል። መሪውን ቢለቅ ጀልባው ሊገለበጥ ይችላል፤ ቢይዘው ደግሞ እጁ ያለው በብረት ላይ ነው። ስለዚህ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ በአንድ እጁ ብቻ ይያዝ፤ ሁለተኛውን እጁን በሌላ ብረት ላይ አያሳርፍ። የላስቲክ ጫማና ጓንት ከመብረቅ ይከላከላሉ የሚባለው እውነት አይደለም። ትልልቅ ጀልባዎች ከምሰሷቸው ጫፍ እስከ ውሃው የሚወርድ ወፍራም የመዳብ መስመር ይሠራላቸዋል። በትንሽ ክፍት ጀልባ ላይ ግን ሽቦ አስሮ ውሃ ውስጥ መጣል ጥበቃ አይሆንም፤ ይልቁንም የሐይቅ ውሃ እንደ ጨዋማው ባሕር ኤሌክትሪክን በቀላሉ አያሳልፍም። ከተሳፋሪዎችም ቢያንስ አንዱ ሞተር ማጥፋትና መሪ መያዝ ይማር። እኛ ይህን የተማርነው ዘግይተን ነው።

«መብረቅ የመታው ሰው አይነካም» ሲባል ሰምቻለሁ። በዚህ ምክንያት ሊድን የሚችል ሰው ይሞታል። በተመታው ሰው አካል የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም፤ ያለ ፍርሃት ንኩት። ብዙዎች ከተመቱ የሚጮኸውንና የሚያቃስተውን ትታችሁ የሞተ ወደሚመስለው ሂዱ፤ ትንፋሹና ልቡ የቆሙት እርሱ ነውና። በደረቱ መካከል በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ጠንክራችሁ ተጫኑ፤ በየ30ው መጫን 2 ጊዜ አፍ ለአፍ ትንፋሽ ስጡት። ልቡ መምታት ቢጀምርም ትንፋሹ ሊዘገይ ስለሚችል በራሱ እስኪተነፍስ ትንፋሽ መስጠቱን አታቋርጡ።

በጉባኤ ሁለት ነገር ይነሣል። አንዱ፣ በመብረቅ የተመታው ኃጢአቱ ቢከብድ ነው ይላል። ጌታ በሰሊሆም ግንብ ስለ ሞቱት ሰዎች የመለሰውን በሉቃስ 13፥4-5 ተመልከቱ፤ ለሐዘንተኛ ቤት እንዲህ ያለ ቃል ይዘን አንግባ። ሌላው ደግሞ ጌታ በማዕበል መካከል ተኝቶ አልነበረምን፣ ለምን እንፈራለን ይላል። እውነት ነው፤ በማርቆስ 4 እንሻገር ያለው ግን ጌታ ራሱ ነበር። እኔን በዚያ ቀን ያሻገረኝ የሥራ ፕሮግራሜ ነው። ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር በተባለ ጊዜ ጌታችን የሰጠውን መልስም (ማቴ. 4፥5-7) አብራችሁ አንብቡ።

ወደ ምዕራፋችን እንመለስ። የመቶ አለቃው በቁጥር 31 እንደገና የጳውሎስን ቃል ሰማ፤ በዚህ ጊዜ ወታደሮቹ ተቀበሉት። በመርከቡ የነበሩት 276 ነፍስ ሁሉ ወደ ምድር ደረሱ፤ መርከቡና ጭነቱ ግን ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ በእኛ ፕሮጀክት ነጂው «አይሆንም» ካሉ ማንም አያስገድዳቸውም፤ ላልሄዱበትም ቀን ሙሉ የቀን ሒሳባቸው ይከፈላል። በሒሳብ መዝገቡ ላይ «የአየር ሁኔታ» የሚል መደብ ከፍተንለታል። ይህን ወጪ በሪፖርት የምታዩ ደጋፊዎቻችን ብክነት እንዳይመስላችሁ እንለምናለን። ጃኬቶቹም ከመጋዘን ወጥተዋል፤ ቆሽሸዋልም።

ለውይይት፦

1. በቁጥር 9-13 ውሳኔውን ያጣመሙት ነገሮች የትኞቹ ናቸው? በእኛ ሥራ የሚመስሏቸው አሉን?

2. በጀልባችሁ ላይ «አንሄድም» ለማለት ሥልጣን ያለው ማን ነው? እንዲህ በማለቱ የሚያጣው ነገር አለን?

3. ጃኬቶቻችሁ ስንት ናቸው፣ የትስ ተቀምጠዋል? ከነጂው ሌላ ሞተሩን ማጥፋት የሚችለው ማን ነው? በሚቀጥለው ስብሰባ በዳርቻ ላይ ሆናችሁ ሁሉም እየተራ ይሞክር።